ከላጲሶ አልጋ ሥር የተሰማው

ሜትር የያዘ ሰው ሲያዩ ወይዘሮ ሶሬቲ ደማቸው ይፈላል። ቦሌ ቡልቡላ ጤፍ በሚዘራበት ዘመን «ለመለካት ብቻ ነው» ያሉ ሰዎች መጥተው ነበር፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ማሳቸው ላይ ኮንዶሚኒየም በቀለ። የቀራቸው ይህ ግቢና ከጀርባው ያለው ሰርቪስ ቤት ነው።

ስለዚህ አንድ ማክሰኞ ጠዋት በአጥራቸው ሥር በሽቦ የተያያዙ ሹል ነገሮች ተሰክተው ቢያዩ፣ ዘንቢላቸውን አስቀምጠው አንድ በአንድ ይነቅሉ ጀመር። ሀይሚ የምትባል የመሬት ጥናት ባለሙያ እየሮጠች ደረሰች።

«እማማ፣ እባክዎ! መሬቱን የምንሰማበት ጆሮ እኮ ነው!»

«መሬት ምን አወራና? ችካል ነው በይኝ። ችካል አውቃለሁ።»

ሀይሚ በአጥሩ በኩል ሊያልፍ ለታሰበ መንገድ አፈሩን እያጠኑ መሆኑን አስረዳች። ዝርግ ብረት መሬት ላይ አስቀምጠው በመዶሻ ሲመቱት ንዝረቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቋጥኝ ወይም ባዶ ቦታ ሲያጋጥመው ይበተናል፤ ከተበተነውም ጥቂቱ ወደ ላይ ይመለሳል። ጆሮዎቹ የሰሙትን ባለሙያዎቹ አገናዝበው ከታች ያለውን ይገምታሉ።

«እንግዲያው ግቢዬ ገብተሽ ስሚ» አሉ ወይዘሮ ሶሬቲ። «እኔ የማውቀውን ካላገኘሽ ሽቦሽን ጠቅልለሽ ትሄጃለሽ።»

የሚያውቁት ሟች ባላቸው በድንጋይ የደፈኑትን የድሮ የእህል ጉድጓድ ነው። ለማንም ነግረው አያውቁም።

ሀይሚ ጆሮዎቹን ከበሩ እስከ ሰርቪስ ቤቱ ሰክታ ስታዳምጥ ዋለች፤ ሐሙስ ወረቀት ይዛ መጣች። «ከበሩ አጠገብ በድንጋይ የተሞላ ክብ ጉድጓድ አለ።»

ወይዘሮ ሶሬቲ ደነገጡ። «ማን ነገረሽ?»

«ንዝረቱ ነዋ። የሚያሳስበኝ ግን ሌላው ነው። ሰርቪስ ቤቱ ሥር ባዶ ቦታ ያለ ይመስላል።»

«አሃ! አሁን መጣሽ! አፍርሺው ልትይኝ ነው?»

«አላልኩም። ይህ ፎቶ አይደለም፤ ልሳሳት እችላለሁ። እስኪጣራ ግን ሰው አይተኛበት።»

ሰርቪስ ቤቱን የተከራየው ቦሌ ለሚ ልብስ ፋብሪካ የሚሠራው ላጲሶ ነው። ማታ ሲገባ ጠብቀው ስለ ወለሉ ጠየቁት። አንገቱን ደፋ።

«እማማ፣ የአልጋዬ አንዱ እግር እየሰመጠ ነው። ካርቶን አድርጌበታለሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እንድወጣ ፈልገው ወለሉን ያስቆፈሩት መስሎኝ።»

እሳቸው ሀይሚን፣ ላጲሶ ደግሞ እሳቸውን ሲጠረጥሩ ከርመዋል። በዚያው ምሽት ፍራሹን ወደ ሳሎናቸው አስገቡት።

ቅዳሜ እሳቸው የጠሯቸው ሁለት ሠራተኞች ወለሉን በዲጅኖ ሲመቱት አንደኛው ጥግ ተደረመሰ። የተሰነጠቀ የፍሳሽ ቱቦ አፈሩን አጥቦ ወስዶ ሰው የሚውጥ ጉድጓድ ከፍቷል። ወይዘሮ ሶሬቲ አልጋው የነበረበትን ቦታ አይተው ደፉ ላይ ተቀመጡ።

ሀይሚ ወሬውን ሰምታ መጣች። «ልክ ነበርሽ፣ ልጄ» አሏት። ወዲያው ግን ዓይናቸውን አጠበቡ። «የሰማሽውን ለማን ነው የምታስረክቢው?»

«መንገዱን ለሚሠሩት መሐንዲሶች።»

«መንገዱ በግቢዬ ያልፋል?»

«እሱን እኔ አልወስንም፣ እማማ።»

«እንግዲያው ያንኑ ወረቀት ለእኔም ስጪኝ።»

ሰጠቻቸው። ቱቦው ተቀይሮ ጉድጓዱ እስኪሞላ ድረስ ላጲሶ ሳሎን ከረመ፤ ወይዘሮ ሶሬቲም ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አስነበቡት። «ይነሳ» የሚል ቃል አልተገኘበትም። አሁንም ግን ወረቀቱን አላመኑትም።