የአራት ቤት ጎላ

የካሶንዴ እናት ከገበያ ስትመለስ ትልቁን ጎላ ማንጎው ስር በአፉ ተደፍቶ፣ ጨርቅ ተነጥፎበት አገኘችው። ጎረቤቷ የቺሉፍያ እናት የጨርቁን ጫፍ ታቃናለች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ለፕሮጀክቱ ሴትዮ መቀመጫ ነዋ። ነገ ምድጃዎቹን ልታይ ትመጣለች።»

የካሶንዴ እናት የቲማቲም ቅርጫቷን ከራሷ አወረደች። ግማሹ ሳይሸጥ ተመልሷል።

ከካሳማ ተድራ ሉሳካ ስትመጣ የሚያውቃት አልነበረም። በመጀመሪያው ጠዋት የግቢው አሮጊት እማማ ናማካው በሯን አንኳኩተው፣ «አጥሚትሽን ስትጨርሺ ፍምሽን ይዘሽ ነይ» አሏት። ከየቤቱ የተረፈው ፍም በመጫሪያ እየተዛቀ ማንጎው ስር ወዳለው ማንደጃ ይመጣል፤ የአራት ቤት ቦሎቄ በአንድ ጎላ ይበስላል። ተረኛዋ እሳቱን ስትጠብቅ ሌሎቹ ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። ለቦሎቄ ተብሎ ከሰል የሚባል አይገዛም። ቲማቲም ሸጣ ሁለት ልጆች ያሳደገችው በዚያ ጎላ ነው።

ከዚያ የደን ጥበቃ ፕሮጀክቱ መጣና ለየቤቱ «ከሰል ቆጣቢ» ምድጃ አደለ። ደንቡ፣ እያንዳንዱ ቤት በራሱ ምድጃ ብቻ ያብስል፣ ፍም ከውስጡ አይውጣ የሚል ነው። ምድጃው ክፉ አልነበረም። ግን ይኸው አራት ቤት አራት ቦሎቄ ለየብቻ ግማሽ ቀን ይቀቅላል፤ የወፈረው ከሰል ሻጩ ነው። እሷም ቦሎቄው እንዳያርባት ስትጠብቅ ገበያ የምትደርሰው ገዢ ከተበተነ በኋላ ሆነ።

«ደን ለማዳን ተብሎ ከበፊቱ የበለጠ ከሰል እናነዳለን» አለች። «ይሄ አያናድድሽም?»

«ቀስ በይ። ብትሰማሽ ምድጃውን ትወስድብናለች።»

«ትውሰደዋ። ስጪን ብለን ለምነናታል?»

«አንቺም እንደ ቦሎቄሽ ነሽ፤ ቶሎ አትበስዪም።»

በማግስቱ ሴትዮዋ መጥታ ጎላው ላይ ተቀመጠች። ስለ ዛፍ ስታወራ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ትናንት ማታ ከሰል ልትበደር የመጣችው የቺሉፍያ እናት ሳትቀር፣ «ኧረ በጣም ነው የቆጠበልን» ስትል የካሶንዴ እናት ትዕግስቷ አለቀ።

«እመቤቴ፣ ይቅርታ፣ ይነሱልኝ። የተቀመጡበት ድስታችን ነው። ቦሎቄ ልጥድበት ነው።»

ሴትዮዋ ግራ ተጋብታ ተነሳች። «ደንቡ እኮ…»

«ደንቡን ሰምተናል። ምድጃው ለአጥሚትና ለንሺማ ገንፎ ጥሩ ነው፣ እናመሰግናለን። ቦሎቄ ግን በዚህ ግቢ ለብቻ አይቀቀልም። በዚህ ምክንያት የሚወሰድ ምድጃ ካለ የእኔ ይወሰድ።»

ጎላውን አጥባ ውሃ ሞላችው። ከምድጃዋ ፍም ዝቃ ማንደጃው ላይ ገለበጠች፤ ከማንደጃው አፍ እንኳ አልደረሰም። ሌላ ፍም ይዞ የመጣ አልነበረም። ይሄ ከደንቡ ይልቅ አንገበገባት።

«መንገድ ልቀቁ፣ ያቃጥላል» አሉ እማማ ናማካው፣ ፍም የሞላ መጫሪያቸውን እንደያዙ ሴትዮዋን ገፋ አድርገው እያለፉ።

የቺሉፍያ እናት ሴትዮዋን አየች፣ ጎላውን አየች፣ ቤቷ ገባች። ስትወጣ በአንድ እጇ ፍም፣ በሌላው የቦሎቄ ሳህን ይዛለች።

«አልተለቀመም» አለች አንገቷን ደፍታ።

«ታዲያ ቁጭ ብለሽ ልቀሚያ» አለች የካሶንዴ እናት፣ ንዴቷ ገና ሳይበርድ ቅርጫቷን እያነሳች። «ተራው ያንቺ ነው። እኔ ገበያ ረፍዶብኛል።»