የተበላሸው ድምፅ ማጉያው አልነበረም

በዚያ የአውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ሥራዋ ስሟን ያስረሳባት አንዲት ሴት ነበረች። ሁሉም «መለከት» ነው የሚላት። አናጺው ባሏ ሳይቀር ሲቆጣ ካልሆነ በቀር በዚሁ ቅጽል ነው የሚጠራት፤ እሱ ደግሞ የሚቆጣው በዓመት አንዴ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፎቅ ላይ ባለችው ባለመስታወት ክፍል ተቀምጣ የአውቶቡሶቹን መነሻ በድምፅ ማጉያ ስትጠራ ኖራለች። ወረቀት የሚባል ነገር አትይዝም። የአውቶቡሱን ቁጥር፣ የበሩን ቁጥር፣ መንገድ ላይ የሚቆምባቸውን ቦታዎች ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ታወርደውና «መልካም ጉዞ!» ብላ ትዘጋለች።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። የዚያ መናኸሪያ ሹፌሮች የግድግዳውን ሰዓት ዞር ብለው አያዩትም። መለከት አፏን ስትከፍት ሞተር ያስነሳሉ፤ «መልካም ጉዞ» ስትል ፍሬን ይለቃሉ። ደንብ አይደለም፤ ማንም አላዘዛቸውም፤ እንዲያው ልማድ ሆኖ ቀረ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አሥራ ሁለት አውቶቡሶች በሩብ ሰዓት ውስጥ ተራ በተራ ግቢውን ለቀው የሚወጡት በዚች ሴት ምላስ ነበር።

ታዲያ አርባ አራት ዓመት ሲሞላት ይቺ ሴት ቀስ በቀስ ትከስም ጀመር። መጀመሪያ ብርድ ብርድ አላት። ሰው በሙቀት ሲያልበው እሷ ሹራብ ላይ ሹራብ ደርባ ትቀመጣለች። ከዚያ የወፍ ቁርስ እየበላች ቀሚሷ አልዘጋ አላት፤ ጠዋት ጠዋት ፊቷ አብጦ ታገኘዋለች። ቆዳዋ ደረቀ፣ ጸጉሯ ማበጠሪያው ላይ ይቀር ጀመር፣ የቅንድቧ ጫፍ ሳስቶ ሊጠፋ ደረሰ። ሆዷ በሳምንት ሁለቴ ከሠራላት ትልቅ ነገር ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተኝታ አድራ ስትነሣ ድንጋይ ስትሸከም ያደረች ይመስላታል።

ይህ ሁሉ ግን ከሐዘኑ አይብስም። ማን ሞተብሽ ቢሏት፣ ማንም አልሞተባትም። ልብሷን ስታጥፍ ትቆምና እጇ ላይ ያለውን ፎጣ እያየች ሆዷ ይብሳታል። የምትወዳቸው ጎረቤቶቿ ሲመጡ በሩን ለመክፈት መነሣት ራሱ ተራራ ይሆንባታል። አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት ሄዳ «ይደክመኛል» ብቻ ብላ ቫይታሚን ይዛ ተመለሰች። የቀረውን ማውራት አፍራ ነበር። በልቧ ሰነፍ ሆኛለሁ፣ ክፉ ሆኛለሁ ብላ ራሷ ላይ ፈርዳለች።

ባሏ በበኩሉ አኩርፋኛለች ብሎ ደመደመ። ምን እንዳጠፋ ቢያስብ ቢያሰላስል አልመጣለትም፤ ስለዚህ በሚያውቀው መንገድ ይቅርታ ይጠይቅ ጀመር። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው የእንጨት ሥራ ቤቱ መጀመሪያ መደርደሪያ ይዞላት መጣ። «ቆንጆ ነው» ብላው ሄዳ ተኛች። ቀጥሎ ባለመሳቢያ ጠረጴዛ አመጣ። «ቆንጆ ነው» ብላው ተኛች። በዓመቱ ቤቱ መተላለፊያ እስኪያጣ ድረስ በይቅርታ ዕቃ ተሞላ፤ የሰውዬው አንጀት ግን እንደተቃጠለ ነው።

መናኸሪያውም አብሯት ዘገየ። በአንድ ትንፋሽ ይወርድ የነበረው ጥሪ አሁን ሦስት ትንፋሽ ይፈልጋል። ድምፁም ጎርንኖ፣ ወርዶ፣ እየተጎተተ ነው የሚመጣው። ሹፌሮቹ ሞተር አስነሥተው እግራቸውን ፍሬን ላይ አድርገው «መልካም ጉዞ»ን ይጠብቃሉ፤ «መልካም ጉዞ» ግን አይመጣም። የጠዋቱ ሩብ ሰዓት ወደ ግማሽ ሰዓት አዘገመ። ሥራ አስኪያጁ በመጀመሪያ ሹፌሮቹ ላይ ወረደባቸው። ቀጥሎ ማሽኑን ጠረጠረ።

ማሽኑ ደግሞ ባለቤት አለው። ድምፅ ማጉያዎቹን ከተተከሉበት ቀን ጀምሮ የሚጠግናቸው ጋሼ ሽቦ ናቸው። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ዛሬም ምሰሶ ይወጣሉ፤ ማሽናቸው ሲነካ እናታቸው የተሰደበች ያህል ነው የሚቆጡት። ቢሆንም ጆሮ አላቸውና የድምፁን መውረድ ሰምተውታል። ገመድ ቀየሩ፣ ጥሩንባዎቹን አወረዱ፣ አጸዱ፣ መልሰው ሰቀሉ። አልሆነም። በመጨረሻ በየወሩ የድምፁን መጠን መዘውር ትንሽ ትንሽ ከፍ ማድረግ ያዙ። በመጀመሪያው ቀን ትክክለኛውን ልክ በእርሳስ ጭረት አድርገውበት ነበር፤ መዘውሩ ከዚያ ጭረት እየራቀ እየራቀ ሄደ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ካለፈ በኋላ ሥራ አስኪያጁ መለከትን ቢሮው ጠራት።

«ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የተቀዳ ድምፅ እናስገባለን» አላት። «እርስዎ ወደ ጠፉ ዕቃዎች ክፍል ይዛወራሉ። ሥራው ቀለል ያለ ነው።»

የድሮዋ መለከት ብትሆን ያ ቢሮ ጣራው አይተርፍም ነበር። የአሁኗ ግን «እሺ» ብላ ወጣች። ወደ ክፍሏ ስትመለስ ደረጃው ላይ ሦስት ጊዜ አረፈች፤ በሦስተኛው ዕረፍት ላይ «እሺ» ማለቷ ራሱ አስፈራት። ያን ወንበር ካጣች ከእሷ የሚተርፍ ነገር እንደሌለ ታውቀዋለች።

ወሬው ጋሼ ሽቦ ዘንድ ሲደርስ ቆሽታቸው አረረ። ማሽኔ ጤነኛ መሆኑን አሳያለሁ ብለው የመሞከሪያ ካሴቶቻቸውን አወጡ። በየዓመቱ ማሽኑን ሲያጸዱ መለከትን ያው አንድ ጥሪ ያስደግሟትና ይቀዷታል፤ ድምፅ ማጉያውን የሚፈትሹት በዚያ ነው። እነዚህን ሁለት ዓመታት ግን በብስጭት አልቀዷትም ነበር። ግቢው ጭር በሚልበት የቀትር ሰዓት፣ መለከት አጠገባቸው ተቀምጣ ሳለች፣ የዛሬ አራት ዓመቱን ካሴት ከቱ።

«ሰባት ቁጥር፣ ሦስተኛ በር...» ብሎ አንድ ድምፅ ግቢውን ሞላው። ጥርት ያለ፣ ሳቅ ሳቅ የሚለው፣ ማንንም ከእንቅልፉ የሚያነሣ ድምፅ።

«ጋሼ፣ ይቺ ማን ናት?»

«ማን ትሁን? አንቺ ነሻ!»

ከዚያ የዛሬውን ቀድተው አሰሟት። መለከት እጇን አፏ ላይ ጫነች። የሰማችው የማታውቃትን አንዲት ደካማ አሮጊት ነበር።

«ማሽኑ እኮ ምንም አልሆነም» አሉ ጋሼ ሽቦ፤ የሳቸውም ድምፅ ተሰበረ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ጤነኛውን ስፈታና ስገጥም ኖሬ! ልጄ፣ የታመምሽው አንቺ ነሽ።»

«አርጅቼ ነው ጋሼ።»

«በአርባ ስድስት ዓመትሽ ገና ምን ደርሰሽ ነው የምታረጂው? ተነሺ! ካሴቶቹን ያዢና ሐኪም ቤት ሂጂ።»

ሁለቱን ካሴቶች በፌስታል፣ የጋሼ ሽቦን ቴፕ በብብቷ ይዛ ሄደች። ወጣቷ ሐኪም መጀመሪያ ግር አላት፤ ሰምታ ስትጨርስ ግን ወንበሯን ሳበች። ስለ ብርዱ፣ ስለ ሆድ ድርቀቱ፣ ስለ ቅንድቧ ጠየቀቻት። የልብ ምቷን ቆጠረች፤ ዘገምተኛ ነው። ጉልበቷን በትንሽ መዶሻ መታ ስታደርጋት እግሯ ተነሥቶ ለመመለስ ጊዜውን ወሰደ። ደም ተቀዳ። በሦስተኛው ቀን ውጤቱ መጣ።

«ታይሮይድ የምትባል ዕጢ ናት» አለች ሐኪሟ፣ የራሷን ጉሮሮ እየነካች።

«እንቅርት ነው የሚሉኝ ዶክተር? አንገቴ ላይ ምንም እብጠት የለኝም እኮ!»

«ሳታብጥም ትሰንፋለች። የሰውነትን ፍጥነት የምትቆጣጠረው እሷ ናት። የምታመነጨው ሆርሞን ሲያንስ ልብ ይዘገያል፣ አንጀት ይዘገያል፣ ሙቀት ያንሳል፣ ድምፅ ይጎረናል። ሐሳብም ይዘገያል፣ ስሜትም ይወርዳል።»

መለከት ለማንም ያልነገረችውን አወጣችው። «ሐዘኑም? ሐዘኑም ከዚሁ ነው?»

«አብዛኛው ከዚሁ ይመስለኛል። መድኃኒቱን እንጀምርና እናየዋለን። ሐዘኑ አልለቅ ካለዎት ተመልሰው ይምጡ፤ እሱም ለብቻው ይታከማል።»

መለከት አለቀሰች፤ እያለቀሰች ሳቀች። ለካ ክፉ አልሆነችም! ለካ ሰነፍ አልሆነችም! ከራሷ ጋር ሁለት ዓመት የተጣላችው በማታውቃት አንዲት ዕጢ የተነሣ ነው። መድኃኒቱ አንድ ትንሽ ክኒን ነው፤ ጠዋት በባዶ ሆድ በውኃ ይዋጣል፣ ቁርስ አንድ ሰዓት ቆይቶ ይበላል፣ ምናልባትም ዕድሜ ልክ አይቋረጥም። በሳምንት ለውጥ አይጠብቁ ተብላለች።

ማታ ለባሏ ነገረችው።

«ታዲያ አላኮረፍሽኝም?»

«ምን አድርገኸኝ?»

«እኔ ምን አውቄ! ሁለት ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ስሠራ ከረምኩ እኮ!»

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆመች። «ዛሬውኑ ወደ ጠፉ ዕቃዎች ክፍል እወርዳለሁ» አለችው። «አራት ወር ስጡኝ። አራት ወሩ በሞላ ቀን ጠዋት አሥራ ሁለቱን አውቶቡሶች ልጥራ። በሩብ ሰዓት ካላስወጣኋቸው የላይኛውን ክፍል ቁልፍ በገዛ እጄ አስረክባለሁ።» ሰውዬው ከሁለት ዓመት ወዲህ ስትከራከር ሰምቷት አያውቅም፤ ደንግጦ ተስማማ፤ የተቀዳውን ድምፅም አቆየው። እስከዚያው አንድ ድምፁ ከከንፈሩ የማያልፍ ጸሐፊ ከወረቀት እንዲያነብ ተደረገ፤ ጋሼ ሽቦም እየተራገሙ መዘውሩን እስከ መጨረሻው ከፈቱት።

የጠፉ ዕቃዎች ክፍል ውስጥ አርባ ጃንጥላ፣ አንድ ክራንችና ጥንድ አልባ ጫማዎች ነበሩ። መለከት ክኒኗን እየዋጠች በነሱ መካከል ተቀመጠች። ሁለት ሳምንት ምንም የለም። በአራተኛው ሹራቧን ሳታውቀው አውልቃ ወንበር ላይ አገኘችው። በስድስተኛው ደሟ ታየና የመድኃኒቱ መጠን ከፍ ተደረገ። አንድ ጠዋት ደግሞ ጃንጥላዎቹን ያተራመሰ ሰው ላይ ስትጮህ ራሷን ያዘችው። መቆጣት! ሁለት ዓመት ለመቆጣት እንኳ አቅም አልነበራትም። ያን ቀን ቤቷ ስትገባ ባሏን «ይሄን ሁሉ ጣውላ ከመተላለፊያው ላይ አንሣልኝ!» አለችው፤ እሱም በደስታ አለቀሰ።

ድምፅዋ ከሁሉም ኋላ ነው የመጣው። ለጃንጥላዎቹ አውቶቡሶቹን በሹክሹክታ ስትጠራላቸው ከረመች፤ ማንም እንዲሰማት አልፈለገችም።

ቀኑ ደረሰ። ደረጃውን አንዴም ሳታርፍ ወጣች። ሥራ አስኪያጁ የእጅ ሰዓቱን ይዞ ቆሟል። ጋሼ ሽቦ ከጭንቀታቸው ብዛት ጥፍራቸውን ይበላሉ። ታች አሥራ ሁለት ሹፌሮች መስኮታቸውን ዝቅ አድርገዋል። መለከት ትንፋሽ ሳበችና አፏን ከፈተች።

«ሰባት ቁጥር!»

ጉድ ፈላ! መዘውሩ እስከ መጨረሻው እንደተከፈተ ነው፤ ጋሼ ሽቦ መመለሱን ረስተውታል። እርግቦች ከጣራው ተነሥተው ተበተኑ። አንድ መንገደኛ ሻንጣውን ጣለ። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጆሮውን ያዘ፤ ሰዓቱ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከመንገዱ ማዶ አናጺው መላጊያውን አስቀምጦ፣ ፍቅፋቂ በጸጉሩ ላይ እንዳለ፣ ወደ ግቢው ሮጠ። መለከት ግን አላቆመችም። አንድ ትንፋሽ አንድ ትንፋሽ ነው። ሦስተኛ በሩን፣ ማቆሚያዎቹን ሁሉ ዘርግፋ «መልካም ጉዞ!» ስትል ሰባት ቁጥር ፍሬኑን ለቀቀ። ቀጥላ ዘጠኝን፣ ቀጥላ አሥራ አራትን።

አሥራ ሁለተኛው አውቶቡስ ከበር ሲወጣ ገና አሥራ ሦስት ደቂቃ ነበር። ሹፌሩ ጥሩንባውን ነፋ፤ መንገድ ላይ ያሉትም ሁሉ ተቀበሉት። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን ከወለሉ አነሣና መስታወቱን በእጅጌው ጠረገ።

«ቁልፉ እርስዎ ጋ ይቆይ» አላት።

«ምን?» አለች መለከት፤ በጥሩንባው ጩኸት አልተሰማትም። እሱም ሳቀና ደግሞ ነገራት።

ጋሼ ሽቦ ይህን ሁሉ አላዩም። ማሽኑ ፊት ተንበርክከው፣ እንባቸው እየወረደ፣ የድምፁን መዘውር ወደ ኋላ ይመልሱ ነበር። መለሱት፣ መለሱት፣ የእርሳሱ ጭረት ላይ ሲደርስ እጃቸውን አነሡ።