መግቢያው የእኔ ድርሻ ነበር

ባለፈው ሳምንት ደብረ ታቦር ውስጥ ለሥነ ሕይወት መምህራን በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ አስተባባሪው መርሐ ግብሩን ሲያነብ ስሜን ጠራ። «የመግቢያ ንግግር፣ አምስት ደቂቃ» አለና ቀና ብሎ አየኝ። አስተባባሪው ደረጀ ነው። ፀጉሩ ሸሽቷል፤ ድምፁ ግን ያው ነው። ዛሬም መግቢያውን ለእኔ ሰጠኝ!

ከደረጀ ጋር እዚሁ ከተማ አብረን ተምረናል። እኔ ይፋግ ላይ ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ልጅ ሲያዝሉ ስለሆነ፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ክፍሉን ሁሉ በዕድሜ እበልጥ ነበር። «እማማ» ይሉኛል። እኔም የምወዳቸው አይምሰላችሁ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያወራሉ፣ የተዋሱትን መጽሐፍ ገጽ ያጥፋሉ፣ ያልገባቸውን ነገር ጮክ ብለው ይናገራሉ።

ያን ጊዜ የሚጠናው በአንድ ለአምስት ነበር። ጎበዝ የተባለ አንድ ተማሪ አምስቱን ይመራል፤ የቡድኑ ውጤት ለሁሉም እኩል ይሰጣል። መሪያችን ደረጀ ነበር። እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ተባርሬ የተመለስኩ ነኝ፤ በቡድን የምናጠናውን ኮርስ ብወድቅ ሁለተኛ መመለስ የለም። ወንድሜ ከይፋግ ሲሸኘኝ «የሱቁ ባንኮኒ ይጠብቅሻል» ብሎኛል። ቀልዱን አልነበረም።

ክፍል ፊት እንድናቀርበው የደረሰን ርእስ ሴል ፕሮቲን አሠራሩን የሚቆጣጠርበት መንገድ ነው። ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞም የዘረ መልን ትእዛዝ በያዘው መልእክተኛ አር ኤን ኤ ላይ ከጫፍ ተነሥቶ እያሰሰ ይሄዳል። አንዳንዱ መልእክት ላይ ግን ከዋናው ትእዛዝ በፊት አንዲት አጭር ንባብ አለች። ራይቦዞሙ እሷን አንብቦ ይወርዳል፤ ዋናው ብዙውን ጊዜ ሳይነበብ ይቀራል። ደረጀ እዚህ ላይ አቆመና ስላይዱ ላይ «ሴል ሲራብ ሁሉም ይቆማል» ብሎ ጻፈ።

ሰኔ ነበር፤ የደብረ ታቦር ብርድ አጥንት የሚገባበት፣ ጉም ከቀትር በኋላ እንኳ የማይነሣበት። ከግቢው በር ፊት ለፊት የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ የሚሸጥበት ቤት አግዳሚው ላይ ተደርድረናል።

«ሲራብማ አንዳንዱ ጭራሽ የበለጠ ይነበባል» አልኩት።

«እማማ፣ መምህሩ የሰጡን ወረቀት አጭሯ ንባብ ታግዳለች ነው የሚለው። ታግዳለች፣ አለቀ።»

«ወረቀቱ ግማሹን ነው የያዘው። መጽሐፉን አንብበው።»

«አንቺ መግቢያውን በይ። ስማችንን ጥሪ፣ ርእሱን ንገሪ፣ ተቀመጪ። ድንቹ እንዳይበርድብሽ።»

ሳቁ። ሚጥሚጣው አፌን አቃጠለው፤ ዋጥኩት።

በማግስቱ ፊት ወጣሁ። መምህራችን ሰዓት ካለቀ ዐረፍተ ነገር መሀል የሚያቋርጡ ሰው ናቸው፤ ያን ሁላችንም እናውቃለን። ስም ጠራሁ፣ ርእሱን ተናገርኩ፤ አልተቀመጥኩም።

«ከዚህ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሚኒባስ አስቡ» አልኩ። «ሚኒባሱ ራይቦዞም፣ ወረታ አጭሯ ንባብ፣ ሐሙሲት ዋናው ትእዛዝ ነው እንበል፤ ባዶውን ይነሣል፣ ያለ ረዳት ሰው አይጭንም። ረዳት በሞላበት ቀን ገና ወረታ ላይ አንዱ ይንጠለጠልበታል፤ የአጭር መንገድ ሰው ይጭንና እዚያው አራግፎ ይቀራል። የሐሙሲት ገበያተኛ ቆሞ ይውላል። ረዳት በጠፋበት ቀንስ? ወረታን ባዶውን ያልፋል፣ ሐሙሲት እስኪደርስ አንድ ረዳት ያገኛል፣ ዋናውን ገበያተኛ ይጭናል። ሴል ሲራብ የሚያንሰው ይህ ንባብ የሚያስጀምረው ረዳት ነው። ሌላው ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ እንዲህ ያለ አጭር ንባብ ከፊቱ ያለው አንዳንድ መልእክት ግን በደንብ የሚነበበው ያኔ ነው።»

«በቃሽ!» አለ ደረጀ ከኋላዬ፣ በጥርሱ መሀል።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ድምፄን ከፍ አደረግሁ። መምህሩ ጥያቄ ጠየቁ፤ መለስኩ። ሌላ ጠየቁ፤ ሰሌዳው ላይ እየሣልኩ፣ ሳልቸኩል፣ በጣም ሳልቸኩል መለስኩ።

«ጊዜያችሁ አልቋል» አሉ።

«ዋናው ክፍል ይቀራል እኮ!» አለ ደረጀ።

«ሰማሁት» አሉት። «ተቀመጥ።»

ሁላችንም አለፍን፤ እኩል ውጤት። ደጅ ላይ ጠብቆኝ «ሆዳም! የሁላችንን ጊዜ በላሽ» አለኝ።

«የበላሁት ስሕተትህን ነው» አልኩት። እስክንመረቅ ከቡድኑ ሰላም ያለኝ የለም። ድንቼን ብቻዬን በላሁ፤ አልበረደብኝም።

ጊዜ ሁሉን ያበርዳል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ እንጃ። ቂሙ ያላረጀው በእሱ ብቻ አይደለም፤ በእኔም ነው። ግን ከቂሙ ይልቅ የሚያበሽቀኝ ሌላ ነገር ነው፤ መግቢያ የሚሰጠው ለማይፈለግ ሰው ነው ብሎ ዛሬም ማመኑ። ከፊት ያለችው ትንሽ ነገር የኋላውን ስትወስን አንድ ጊዜ በዓይኑ አይቷል።

የታደለንን የሥልጠና ወረቀት ገለጥኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ያው ዐረፍተ ነገር ተቀምጧል፤ «ሴል ሲራብ ሁሉም ይቆማል»። አዳራሹ ሙሉ መምህር ይህን ይዞ ክፍል ሊገባ ነው።

«ከእኔ ቀጥሎ ማን ነው የሚናገረው?» አልኩት።

«እኔ ነኝ።»

ማይክሮፎኑን ተቀበልኩ። «ከዚህ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሚኒባስ አስቡ» አልኩ።

ደረጀ ላፕቶፑን ከደነው።