ሰው ሲያንስ ግቢ ይሰፋል

በንድፍ ቢሮው ውስጥ የመዝገብ ስሙን የሚጠራው የለም። ሁሉም «ጋሽ ሚሊ» ይለዋል። ስሙን ያወጣችለት ከዓመታት በፊት ለልምምድ የመጣች ተማሪ ናት። ለቤት ሞዴል የቆረጠችውን ካርቶን በማስመሪያ ለካና «ግማሽ ሚሊ ይተርፋል፣ ድገሚው» ብሎ መለሰላት።

«ጋሼ፣ ግማሽ ሚሊ እኮ የፀጉር ውፍረት ናት!»

«እዚህ ጠረጴዛው ላይ አዎ። መቶ እጥፍ አድርገሽ ስትሠሪው ግን አምስት ሳንቲ ነው። አምስት ሳንቲ የተረፈው በር ሲዘጋ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ያቺ ልጅ ዛሬ አርክቴክት ሆናለች፤ ቢሮውንም የምትመራው እሷ ናት። እሱ ያው በምድር ቤቱ ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ረጅም ጠረጴዛ ጋር ነው። መቁረጫው፣ ኮላው፣ ወረንጦው፣ ብርጭቆ ወረቀቱ ሁሉም በየቦታቸው ናቸው። አንዱን ያለ ፈቃድ ያነሳ ሰው ወዮለት።

ጋሽ ሚሊ የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልረገጠም። በወጣትነቱ የመስኮት ክፈፍ የሚሠራ አናጢ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ መሐንዲስ የቤት ፕላን ይዞ መጣና «ይህን ቤት በዚህች ጠረጴዛ ልክ አሳንሰህ ሥራልኝ» አለው። ሠራለት። እንዳይነቃነቅ ብሎ ደግሞ ጣራውን በምስማር መታው። መሐንዲሱ አይቶ በሳቅ ፍርስ አለ፤ ለካ በዚያ ልኬት እያንዳንዱ ምስማር የመብራት ምሰሶ ያክል ኖሯል! ይሁን እንጂ ማዕዘኖቹ ልክ ነበሩ። በሳምንቱ ሥራ ቀየረ፤ ያ ሳምንት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው።

በነዚህ ዓመታት ሞዴል ከመሥራት እኩል የተማረው ሞዴል የሚያይ ሰውን ማየት ነው። ስብሰባ ላይ ጥግ ይዞ ይቆምና ይታዘባል። የቢሮ ኃላፊ የሆነ ሰው የሕንፃውን ፊት ለፊት አይቶ ራሱን ይነቀንቃል። እናት የሆነች ጎንበስ ብላ በረንዳው አጥር እንዳለው ታያለች። እግሩን የሚያመው ደረጃ ይቆጥራል። ፕላን ማንበብ ትምህርት ይፈልጋል፤ ሞዴልን ግን ዓይን ያለው ሁሉ ያነበዋል። የሚያነበውም ራሱን ፈልጎ ነው። ከግቢው መካከል ከቆሙት ትንንሽ ሰዎች አንዱን ይመርጥና ሳያውቀው በልቡ እሱን ሆኖ ይገባል።

ለዚህ ነው ሰዎቹን መጨረሻ ላይ፣ ሁሉ ነገር ከደረቀ በኋላ የሚያስገባቸው። ከወፍራም ወረቀት ራሱ ይቆርጣቸዋል። «ሕዝቡ» ይላቸዋል። «ሕዝቡን ላስገባ» ካለ ሥራው አለቀ ማለት ነው። ሕዝቡ የሚኖረው በቆርቆሮ ጣሳዎች ውስጥ ነው፤ በእያንዳንዱ ክዳን ላይ ቁመቱ ተጽፏል። አንድ ለመቶ በሆነ ሞዴል ላይ የሚቆም ሰው አሥራ ሰባት ሚሊ ነው። አንድ ለመቶ ሃያ አምስት በሆነው ላይ የሚቆመው ደግሞ አሥራ አራት ሚሊ ገደማ።

ነገሩ የመጣው በእነዚህ ጣሳዎች ነው።

ቢሮው አንድ የድሮ የሠራተኞች ሰፈር አፍርሶ ባለ አምስት ፎቅ መኖሪያ የመሥራት ውድድር ውስጥ ገብቶ ነበር። አርባ ሁለት ቤተሰብ፣ አራት ረድፍ ቤት፣ መሐሉ ላይ አንድ የጋራ ግቢ። ነዋሪዎቹ ቅዳሜ ተሰብስበው ሞዴሉን አይተው ካልተስማሙ ሥራው ለሌላ ይሰጣል። ከአርባ ሁለቱ ቤቶች አንዱ የጋሽ ሚሊ ታላቅ እህት ነው። «እትዬ» ነው የሚላት፤ ባሏ በደም ግፊት ከወደቀ ወዲህ ግራ ጎኑ አልታዘዝ ብሎታል። ሐኪሙ በየቀኑ ይራመድ ስላለ ጠዋት ጠዋት ትከሻዋን አስይዛ የድሮውን ሰፈር ግቢ ሦስት ጊዜ ታዞረዋለች።

ሐሙስ ከሰዓት አርክቴክቷ ወደ ምድር ቤት ወርዳ ሞዴሉን አየችና ከንፈሯን ነከሰች።

«ግቢው ጠበበ፣ ጋሼ።»

«አሥራ አንድ ሜትር ነው ያልሽው፤ አሥራ አንድ ሳንቲ ሠራሁ።»

«ልክ ነህ። ግን ያፍናል። እስቲ ሰው አስገባበት፤ ሰው ሲኖር ይለያል።»

ቸኩሎ ነበር። ጣራው ገና አልተከደነም፤ ሙጫውም አልደረቀ። ጣሳውን ከመደርደሪያ አውርዶ ሃያ ሰው ያህል በወረንጦ እየለቀመ አቆመ። ዓርብ ጠዋት አርክቴክቷ መጥታ አየችውና እጇን አጨበጨበች።

«ምን አደረግክበት? ሰፋ እኮ! አስማተኛ!»

«ምንም አላደረግኩም» አላት። እውነቱን ነው፤ ምንም ያደረገ አልመሰለውም።

እሷ ከወጣች በኋላ ነገሩ ከነከነው። ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ከግቢው ወለል እኩል አደረገ። በር ላይ የቆመችው ሴትዮ ከበሩ ጋር ስትታይ የአሥር ዓመት ልጅ ትመስላለች። በወረንጦ አንስቶ ለካት። አሥራ አራት ሚሊ። ሌላውን ለካ። አሥራ አራት። ባለፈው ወር መደርደሪያውን ሲያጸዳ የጣሳዎቹን ክዳን አለዋውጦ ገጥሟል! ስንቱን ልጅ በግማሽ ሚሊ ሲያስለቅስ የኖረ ሰው ሦስት ሚሊ አመለጠው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለሱ ይሆን?

አስልቶ አየው። ሰዎቹ ስላነሱ አሥራ አንዱ ሜትር ለዓይን ወደ አሥራ አራት ሜትር ተጠግቷል። ለዚህ ነው የሰፋው። ትክክለኛውን ጣሳ ብብቱ ሥር አድርጎ ደረጃውን ወጣ።

አርክቴክቷ ሰምታው ስታበቃ ተቀመጠች። ቆጣ አላለችም፤ እንዲያውም ሳቀች።

«አንተ ስትሳሳት ማየት! ቀኑን ልመዝግበው።»

«መዝግቢው። አሁን ወርጄ ልቀይራቸው።»

«ተዋቸው፣ ጋሼ።»

«ምን?»

«ተዋቸው። ቢሮው ሁሉ እንደዚህ ነው የሚያደርገው። አንዱ ዛፉን ያሳንሳል፣ አንዱ መኪናውን። ሞዴል ውል አይደለም፤ ተስፋ ነው። ትክክለኛው ቁጥር ፕላኑ ላይ ተጽፏል፤ የፈለገ ያነባል።»

«ማን ነው የሚያነበው? እትዬ?»

ተነሥታ በሩን ዘጋች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦ «ይህ ሥራ ካመለጠን ላይኛው ፎቅ የሚሠሩትን አራት ልጆች አሰናብታለሁ። ይህን ታውቃለህ። እኛ ብንቀር ደግሞ ሌላው የሚሠራላቸው ጨርሶ ግቢ የሌለው ነው። ለሰፈሩ አስብለት።»

ያለችው ሁሉ እውነት ነበር፤ ጋሽ ሚሊን የከበደውም ይኸው ነው። ውሸት ቢሆን ኖሮ ተሟግቶ ይወጣ ነበር። ጣሳውን እንደያዘ ወረደ። ሰዎቹን አልቀየረም። ጣሳውን ግን ወደ መደርደሪያው አልመለሰውም፤ ቅዳሜ ሞዴሉን ወደ መኪናው ሲጭኑ ከመሣሪያው ሣጥን ውስጥ ከተተው። ለምን እንደሆነ ለራሱም አልነገረም።

ስብሰባው በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር። ሞዴሉ መሐል ላይ ተቀምጧል፤ ሰው እንደ ንብ ከቦታል። አርክቴክቷ ንግግር ታውቅበታለች፣ አንደበቷ ይጥማል። ሰዉ ተደስቷል።

«ይቺ የኔ በረንዳ ናት!» አለች አንዷ።

«ያንቺ? ያንቺማ ከላይ ነው። እዚህ እኔ ነኝ ያለሁት፤ ልብስሽን እኔ ላይ ስታንጠባጥቢ እንዳላይሽ።»

«እዩት፣ ገና ሳይሠራ ጠብ ጀመረ!»

ሳቅ ሆነ። እትዬ ባሏን በክንዱ ደግፋ ሰዉን እየገፈተረች መጣች። ለታናሽ ወንድሟ ሥራ እንግዳ አይደለችም፤ ሞዴል ሁሉ «የወንድሜ እጅ» እያለች ትኮራበታለች። መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። ጣቷን ከግቢው በላይ በአየር ላይ አዞረች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

«አንተ» አለችው ቀና ሳትል፣ «ይቺ በሩ ላይ ያለችው እኔ ነኝ በል። ይሄ ደግሞ እሱ። እኔ እሱን ደግፌ ልጆቹ ኳስ ሲጫወቱ በዳር በዳር ማለፍ እንችላለን አይደል? ሰፊ ነው። አይደል?»

አርክቴክቷ ከወዲያ ማዶ አየችው። አማቹም አየው፤ እሱ ከታመመ ወዲህ ንግግሩ ጥቂት ነው፣ ዓይኑ ግን ብዙ ይጠይቃል።

«አይደለም፣ እትዬ» አለ ጋሽ ሚሊ።

«ምን አልክ?»

«ሰዎቹ አንሰው ነው። ተሳስቼ ያሳነስኳቸው እኔ ነኝ። ዓርብ አውቄያለሁ፤ እስከ አሁን ዝም አልኩ።»

ሣጥኑን ከፈተ። ሃያውን ሰው አንድ በአንድ በወረንጦ ነቅሎ፣ ሃያ ሌላ ሰው ሙጫ እየነካ ተከለ። ጊዜ ወሰደ። ማንም አልተቀመጠም። የመጨረሻውን ሲያቆም ግቢው ጠቦ፣ ግድግዳው ቀርቦ፣ ሰዎቹ ትከሻ ለትከሻ ሆነው ታዩ። አንዲት ሚሊ ግድግዳ አልተነካችም፤ ሁሉ ነገር ግን ሌላ ነበር።

«ዶሮን ሲደልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ!» ብሎ ጮኸ አንዱ ከኋላ።

ሌላው ደግሞ በጋሽ ሚሊ ላይ ዞረ። «አንተን ማን ጠየቀህ? ልንስማማ ስንል! የሚያፈስ ጣራ ሥር ያለሁት እኔ ነኝ እንጂ አንተ አይደለህም!»

እሱም አልተሳሳተም። ስብሰባው ሳይስማማ፣ ሳይቃወምም ለአሥራ አምስት ቀን ተቀጥሮ ተበተነ። እትዬ ወንድሟን አላመሰገነችም። «ዓርብ አውቀህ ቅዳሜ ጠዋት ቤቴ መምጣት አቅቶህ ነው?» ብላው ባሏን ይዛ ወጣች። አርክቴክቷ በመኪናዋ ብቻዋን ሄደች።

ሰኞ አልመጣችበትም። ማክሰኞም። እሱ ያለ ሥራ ተቀምጦ ብርጭቆ ወረቀት ሲቆራርጥ ዋለ። ከሥራ ቢያሰናብቱት ማን ይቀጥረዋል? ዓይኑ እንደሆነ ደክሟል። ረቡዕ ረፋድ ላይ ወርዳ ፊቱ አንድ ወረቀት ዘረጋች።

«ሌላ ጊዜ መጀመሪያ ለኔ ንገረኝ» አለች።

«ነግሬሽ ነበር።»

«ነግረኸኛል» አለች። ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። «ደረጃውን ከግቢው ወደ ውጭ አወጣሁት። ከአዲሱ ሕንፃ ምድር ቤት መጋዘኖች ሁለቱን ሰረዝኩ። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም።»

ማስመሪያውን አስቀመጠበት። «አሥራ ሁለት ሜትር ከሰማንያ።»

«ከዚህ በላይ አይሄድም። አሥራ አራት አይሆንም፣ ጋሼ። ብገለብጠውም አይሆንም።»

«እንግዲያ አሥራ ሁለት ከሰማንያ ነው እንላቸዋለን።»

«አሁን ቁጥር ብንነግራቸው ያምኑናል ብለህ ነው?»

እሱም ይህን ሲያስብ ነበር። ሞዴሉ ተጠርጥሯል፤ በትክክለኛ ሰው ቢሞላም አንዴ የጠረጠረ ዓይን አያምነውም። ታዲያ በአንድ ለመቶ የማይታመን በስንት ይታመናል? ገመድና ኖራ ይዞ ወደ ቢሮው ጓሮ፣ መኪና ወደሚቆምበት ባዶ ቦታ ወጣ። አርክቴክቷ መኪናዋን አስነስታ ለቀቀችለት። ሁለቱ ገመዱን በየጫፉ ይዘው ግቢውን በሙሉ ልኩ፣ አንድ ለአንድ፣ መሬት ላይ አሰመሩት። በጉልበቱ ተንበርክኮ የበሮቹን ቦታ ሲያሰምር «ጋሼ፣ ይሄኛው መስመር ሁለት ሳንቲ ወጥቷል» አለችው። ወጥቶ ነበር። ደምስሶ አስተካከለው።

ከዚያ ስልክ ደወለ።

እትዬ ከሰዓት በኋላ መጣች፤ ባሏን ይዛ፣ ከኋላዋ ዘጠኝ ጎረቤት አስከትላ። የሚያፈስ ጣራ ያለው ሰውዬም አለበት። ሰላምታዋ ቀዝቃዛ ነበር። ኖራውን አይታ ምንም ሳትጠይቅ ትከሻዋን ለባሏ ሰጠች። ሌሎቹ መሐል ላይ ቆሙ፤ አንዱ ወንበር ነኝ፣ አንዱ ኳስ ነኝ እያለ ይቀልዳል። ባልና ሚስቱ በዳር በዳር መዞር ጀመሩ። የመጀመሪያው ማዕዘን ላይ ግራ እግሩ ተጎትቶ መስመሩን ረገጠ። ቆሙ። እንደገና ሞከሩ፣ አለፉ። አርክቴክቷ እርሳሷን እንደያዘች እግሩን ታያለች፤ ፕላን ስታይ እንኳ እንደዚያ አትኩራ አታውቅም።

አንድ ዙር ሲጨርሱ እትዬ ላቧን ጠረገች።

«እንዴት ነው፣ ጋሼ?» አለ ጋሽ ሚሊ አማቹን።

አማቹ ቃሉን ለማውጣት ጊዜ ፈለገ። «ይጠባል» አለ። ትንፋሹን ሰበሰበ። «ግን... ይዞራል።»

እትዬ ወደ አርክቴክቷ ዞረች።

«ልጄ፣ እዚህ ማዕዘን ላይ ምን ልታስቀምጪ ነው?»

«የውሃ ቧንቧ፣ እትዬ።»

«አንሺው።»

«ወዴት ላድርገው?»

«ወዴት ማለት? ነይ፣ ቦታው ላይ ልቁምልሽ» አለችና ባሏን ለወንድሟ አስረክባ በኖራው መስመር ላይ ተሻገረች።