ጋሽ ቶሎሳና የካርባይዱ ሰንሰለት

ባለፈው ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አቶ ቶሎሳ ዐረፉ። መገናኛ አጠገብ ይፈርስ በነበረ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ጣሪያ የተናደባቸው ሰባት ሰዓት ላይ ነበር። ለሚያውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው በጎረቤትነት ያየሁትንና አብረዋቸው ከነበሩት ሁለት ባልደረቦቻቸው ያረጋገጥሁትን ይዤ ነው።

ጋሽ ቶሎሳ በመንግሥት ድርጅት ውስጥ የሞተር መጋዝ ሠራተኛ ነበሩ። የፈረሰ ቤት እንጨት ምስማር የሞላበት ነው። የመጋዙ ተራ ሰንሰለት ምስማር በነካ ቁጥር ጥርሱ ይደንዛል፤ እሳቸውም መጋዙን በጉልበታቸው መሐል አስገብተው ጥርሱን አንድ በአንድ በሞረድ ይስላሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩን ቢላ ሁሉ በነፃ ይስሉ ነበር። ባለቤቴን «የደነዘ ቢላ ያስገፋሻል፤ ስትገፊ ነው እጅሽን የምትቆርጪው» ብለው ሲቆጧት ሰምቻለሁ።

አምና ጥርሱ ካርባይድ ከሚባል ቶሎ ከማይደንዝ ጠንካራ ብረት የተሠራ ሰንሰለት እንዲገዛ ጠየቁ። የድርጅቱ የግዢ ኮሚቴ ዋጋውን አይቶ ደነገጠ።

«ጋሽ ቶሎሳ፣ በዚህ ዋጋ እኮ አምስት ተራ ሰንሰለት ይገዛል። ወርቅ ነው እንዴ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ወርቅማ ለስላሳ ነው፣ ጓድ። ይሄ ምስማሩን ቆርጦ ያልፋል።»

ሰንሰለቱ ተገዛ። ነገር ግን ውድ ስለሆነ እንዳያልቅ ተብሎ ግምጃ ቤት ገባ፤ በሩም ታሸገ። ያለ ድርጅቱ ኃላፊ ፊርማ አይወጣም ተባለ። ጋሽ ቶሎሳ አንድ ቀን እንኳ አልሠሩበትም።

ሐሙስ ዕለት ወገባቸው ላይ የወደቀው የጣሪያው ወራጅ እንጨት ምስማር የጠቀጠቀው ነበር። በመጥረቢያ ቢመታ የቀረው ጣሪያ ይወርድባቸዋል። ባልደረቦቻቸው ወራጁን በተራው ሰንሰለት መቁረጥ ጀመሩ፤ ወዲያው ደነዘ። የሚፈርሰው መጋዘንም ግምጃ ቤቱም በድርጅቱ ግቢ ውስጥ ናቸው። ኃላፊው ግን ስብሰባ ላይ ነበሩ። አንዱ ሮጦ ሄደ፤ በር ጠባቂው «ስብሰባው ሳያልቅ ማንም አይጠራም» ብሎ መለሰው።

«ጋሼ፣ በሩን እንስበረው?» አላቸው ሲመለስ።

«ማሸጊያውን እንዳትነኩ። አሻጥር ይሏችኋል። ልጆች አሏችሁ።»

ቀደም ሲል ማሸጊያ ቀደድህ የተባለ አንድ ዘበኛ ከተወሰደ በኋላ የገባበት አይታወቅም። ሁለቱም ያውቁት ነበር። በሩን አልነኩም።

ሞረድ አወጡ። ጋሽ ቶሎሳ ከወራጁ ሥር ሆነው ያሳዩዋቸው ነበር። «አትቸኩል። ወደ ፊት ብቻ ግፋ። አሁን ቀጣዩን ጥርስ።» ሰንሰለቱ ሦስት ጊዜ ተሳለ፤ ሦስት ጊዜ ደነዘ። በአራተኛው ድምፃቸው ጠፋ።

ጋሽ ቶሎሳ፣ የሚያጽናና ነገር ፈልጌ አጣሁ። ማሸጊያውን እንዳይነኩ ከልክለው ያዳኗቸው ሁለቱ ባልደረቦችዎ አልታሰሩም፤ ግን ከቀብርዎ ጀምሮ እርስ በርስ አይተያዩም። ደህና ይሁኑ።

ግምጃ ቤቱ ዐሥር ሰዓት ላይ ተከፈተ። የካርባይዱ ሰንሰለት ወራጁን ከነምስማሩ ቆረጠው፤ አስከሬንዎ ወጣ። በማግስቱ አንዱ ባልደረባዎ ሰንሰለቱን አሳየኝና ጥርሶቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። አንድም የተሸረፈ የለም።