የኪስ ፕሮጀክተሯና የአባቴ ዓይን

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። አባቴን ሳሎን ውስጥ ከግድግዳው ፊት ለፊት አስቀምጬ፣ መዳፍ የምታክል ፕሮጀክተር ከስልኬ ጋር ሳገናኝ በደስታ አንጎራጉራለሁ። ንዴቱ በኋላ መጣ።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ገጠር፣ ደሃና ውስጥ ስንቱን ደቀ መዝሙር ያስተማሩ ሰው፣ ዓይናቸው ሲደክም እኔ ጋ ሰቆጣ መጡ። ሐኪሙ «በቀዶ ጥገና የሚድን አይደለም፤ ፊደሉ በጣም ከጎላላቸው ግን ያያሉ» ብሎኛል። ስልክ ላይ ሳጎላላቸው አንዷ ፊደል ስክሪኑን ትሞላውና መስመሩ ይጠፋቸዋል። ለዚህ ነው ገበያው ዳር ካለ የሞባይል ዕቃ ሻጭ ፕሮጀክተሯን የገዛሁት።

«እህቴ፣ በጠራራ ፀሐይ ታሳያለች! ባትሪዋ ግማሽ ቀን ትይዛለች» አለኝ። ሞክሮ ያሳየኝ ግን በሩን ዘግቶ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ነው... እዚያው መንቃት ነበረብኝ።

የዳዊታቸውን አንድ ገጽ ፎቶ አንስቼ ግድግዳው ላይ ለቀቅኩት። በመስኮቱ ፀሐይ ስለሚገባ ለእኔም ደብዘዝ ብሎብኛል። ቢሆንም ፊደሉ ክንድ ያክላል፣ አያጡትም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

«አባ፣ ይታይዎታል?»

«ይታየኛል እንጂ ልጄ! ጥርት ብሎ!»

ማንበብ ጀመሩ። አንዲት ፊደል ሳይስቱ፣ በዚያ በሚያምር ድምፃቸው... እኔ ጥግ ላይ ቆሜ እንባዬን እጠርጋለሁ።

ትንሽ ቆይቶ የሆነ ነገር ጎደለብኝ። ፕሮጀክተሯ ስትሠራ እንደ ንብ እዝዝ ትል ነበር፤ አሁን ፀጥ ብላለች። ስነካት ታቃጥላለች። ሞቃ ራሷን አጥፍታለች። ግድግዳው ላይ ምንም የለም።

አባቴ ያነባሉ።

«አባ... የትኛው መስመር ላይ ደረሱ?»

ጣታቸውን ወደ ባዶው ግድግዳ ቀሰሩ። «ይኸው፣ ከላይ ሦስተኛው።»

ያኔ ገባኝ። ዳዊትን ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው ነው የሚያውቁት። እኔ ሞኟ መርጬ መርጬ እሱን አመጣሁላቸው።

«ግድግዳው ባዶ ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

እጃቸው ቀስ ብሎ ወረደ። «ስንት ደክመሽ ያመጣሽው ነገር... እንዳይከፋሽ ብዬ ነው» አሉ።

«ከዚህ በፊት የገዛሁልዎት መነጽርስ? ጠብታውስ? በእነሱም አልተሻለዎትም ነበር ማለት ነው?»

«እነሱም እንዲሁ ናቸው» አሉ አቀርቅረው። እኔ እኮ ተሻላቸው ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ! በአባቴ ተናደድኩ። አባት ላይ የሚጮኸው ግን እስከተወሰነ ድረስ ነውና ፕሮጀክተሯን አንጠልጥዬ ወደ ሱቁ ከነፍኩ።

«በጠራራ ፀሐይ ታሳያለች አላልክም?»

«ቀን ላይ ማን ፊልም ያያል እህቴ? ማታ እዩዋት!»

«ፊልም አይደለም! አባቴ መጽሐፍ ሊያነቡበት ነው!»

ሳቀ። «በፕሮጀክተር መጽሐፍ?»

ያኔ ምን እንዳልኩት በደንብ አላስታውስም። መንገደኛው ቆሞ እንደሚያየኝ ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ። ሻጩ ሰው ሲሰበሰብበት ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እውነቱን ልንገርሽ? ይቺ ጨለማ ትፈልጋለች። ሥዕሉን ግድግዳ ሙሉ ካደረግሽው ይደበዝዛል። አስጠግተሽ አነስ ካደረግሽው ግን ይጠራል። ነፋስ ካላገኘችም ትሞቃለች።»

«ይህን ስገዛ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ብነግርሽ ትገዢ ነበር?»

ፊቱ ላይ ልወረውራት ምንም አልቀረኝም። ግን የነገረኝን ሳልሞክር መወርወሩ አላስቻለኝም። እያጉረመረምኩ ተመለስኩ።

መስኮት የሌለው ጓዳ አለን። አባቴን እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸውና በሩን ዘጋሁ። ሥዕሉን አነስ አድርጌ ግድግዳው ላይ ሳሳርፈው... ጠራ! ችግሩ፣ አባቴ ለማየት ጠጋ ሲሉ የራሳቸው ጥላ ፊደሉን ይሸፍነዋል። ራቅ ሲሉ ደግሞ አያዩም። ፕሮጀክተሯን በጎን ባደርጋት ፊደሉ ተንጋደደ። አሁን ደግሞ በጥላ ተናደድኩ።

በመጨረሻ ነጭ አንሶላ ከግድግዳ ግድግዳ ወጠርኩና ፕሮጀክተሯን ከአንሶላው ጀርባ አደረግኋት። ፊደሉ በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጦ መጣ። ቅንብሩን ስጎረጉር ቆይቼ አዞርኩት። አባቴ ከወዲህ በኩል አፍንጫቸው አንሶላውን እስኪነካ ተጠጉ።

ዳዊቱን ግን አላመጣሁም። ዓይናቸው ከደከመ በኋላ አንድ መነኩሴ የሰጧቸው፣ አንድም ቀን ያላነበቡት የአንድ ጻድቅ ገድል ነበራቸው። የመጀመሪያውን ገጽ ለቀቅኩላቸው።

ጣታቸውን የመጀመሪያዋ ፊደል ላይ አሳረፉ።

«አ... አን... ቆይ፣ ይቺ ሀ ናት ወይስ ሐ?»

ተደናቀፉ! አንዷን ቃል ሦስት ጊዜ ሞከሯት። ተሳስተው ተመለሱ፣ ሳቱ፣ አረሙ። ስንቱን ያስነበቡ መሪጌታ እንደ ጀማሪ ተማሪ ፊደል ይቆጥራሉ፤ እኔ ከአንሶላው ጀርባ አፌን ይዤ አለቅሳለሁ። በቃሉ የያዘ ሰው እንዲህ አይደናቀፍም።

ሁለተኛውን ገጽ አለፉ። ሦስተኛው ላይ ድምፃቸው ፈጠን አለ። ጻድቁ አንድ ክፉ ሹም ፊት ቀርበው ሊመልሱለት አፋቸውን ሲከፍቱ... ድርግም! ግማሽ ቀን የተባለላት ባትሪ አለቀች። ያን ቀን መብራት ስለሌለ ቻርጅ ማድረግም አይቻልም።

«ምን ነካሽው?» አሉ በጨለማው ውስጥ።

«ባትሪ አልቆ ነው አባ። መብራት ሲመጣ እንቀጥላለን።»

«ምን ማለት ነው መብራት ሲመጣ? ምን ብለው እንደመለሱለት ሳላነብ? መልሺው!»

መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ ደበደቡ። አማርኛው አልበቃቸው ሲል ወደ አፍ መፍቻቸው ወደ ኽምጣኛ ገቡና በእኔ ጀምረው ፕሮጀክተሯን፣ መብራቱን፣ በጨለማ የሚያስቀምጣቸውን ሁሉ አዳረሱት። «እንዳይከፋሽ ብዬ» የሚባል ነገር የለም!

በሩን ሳልከፍት እዚያው ጨለማው ውስጥ ቆሜ ሰማኋቸው... እንዲህ ደስ እያለኝ ተሰድቤ አላውቅም።