ሆርዶፋን የመረጠው ማን ነው?

ባሌ ሆርዶፋ ሁለት ጊዜ ለፓርላማ ተወዳድሮ ሁለቴም ወድቋል። ታሪኩ ይኸው ነው። እኔ ሲንቄ ግን ሳልናገረው ብሞት ይቆጨኛል፤ በእነዚያ ሁለት ምርጫዎች ስሜ ጠፍቷላ!

ከጊንጪ ወጣ ብላ ባለችው ከተማችን ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሮ ጡረታ እንደወጣ፣ በ2007 «በግል እወዳደራለሁ» አለኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ጤናም የለህ?» አልኩት። የምርጫ ምልክቱ ጃንጥላ ነበር። በዚያ በጋ፣ ጠብታ በሌለበት፣ ጃንጥላውን ዘርግቶ ከገበያ ገበያ ዞረ። አቤት ያኔ ማፈሬ! ዛሬ ግን ያ አካሄዱ ዓይኔ ላይ ነው። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለከተማችን የቧንቧ ውኃ። ሰዉም «ኦቦ ሆርዶፋ፣ ድምፃችን የእርስዎ ነው» ይለዋል። እንዲህ ያላለ ጎረቤት አልነበረንም።

በምርጫው ማግስት ውጤቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ። ከአምስት መቶ ምናምን መራጭ፣ ለሆርዶፋ አንድ። አንድ ብቻ! ዘመኑን ታውቁታላችሁ፣ እኔ በጎረቤቶቼ አልፈርድም። እነሱ ግን በእኔ ፈረዱ። «አንዷማ የራሱ ናት፤ ሚስቱስ?» አለች ጎረቤቴ ፈትለወርቅ፣ ወፍጮ ቤት ሰው በተሰበሰበበት።

ዋቃ ኮ፣ አምላኬ! እኔ እኮ መርጬዋለሁ! እንዳልሳሳት ሁለቴ አይቼ ነው ጃንጥላዋ ላይ ምልክት ያደረግኩት። ማን ይመነኝ? ቤት ገብቼ «አንተስ ማንን መረጥክ?» ብዬ ያዝኩት። ሻዩን አማሰለ፣ አሁንም አማሰለ።

«ያንን ልጅ» አለኝ በመጨረሻ። ተፎካካሪውን! ድሮ አስተምሮታል። «ሰው እንዴት ራሱን ይመርጣል ሲንቄ? ነውር አይደለም?»

ሳቅኩም፣ አለቀስኩም። «በል ውጣና ይህንኑ ለሰው ንገርልኝ» ስለው፣ «እጩው ራሱ ተቀናቃኙን መረጠ ልባል?» አለ። እውነቱን ነው፣ መሳቂያ ይሆን ነበር። ዝም አልኩለት። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰርግ ቤት ስገባ፣ የውኃ ወረፋ ስይዝ፣ «ባሏን ያልመረጠችው» ተባልኩ። እሱም ይሰማል፤ በሰማ ቁጥር አንገቱን ይደፋል።

በ2013 እንደገና ተመዘገበ። «አሁንስ አበዛኸው!» አልኩት። «አንድ የቀረኝ ነገር አለ» ብቻ አለኝ። የምርጫው ቀን ሰኔ ነው፣ ዝናቡ ይወርዳል። አስመራጮቹ «ጃንጥላ ምልክትዎ ስለሆነ ይዘው አይገቡም፣ ቅስቀሳ ይሆናል» ብለው አስቀመጡበት። በበጋ ጃንጥላ ዘርግቶ የዞረ ሰው በክረምት ያለ ጃንጥላ ተሰለፈ። ከሴቶቹ ሰልፍ ሆኜ ሲበሰብስ ሳየው አንጀቴን በላው።

በማግስቱ በሩ ላይ ምን ተለጠፈ? ሆርዶፋ፣ ሁለት።

ፊቱ በርቶ ወደ እኔ ዞረ። ፈትለወርቅ ግን ቀደመችው፤ «እልልል! ዘንድሮስ ሲንቄ ባሏን መረጠች!» ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ሆርዶፋ ደነገጠ። «ኧረ የፊተኛዋ ናት የእሷ! የአሁኗ...» ብሎ ጀመረ። «ሚስቱን ሲሸፍንላት!» ብለው ጭራሽ ባሰባቸው።

ዝናቡ አላባራም ነበር፤ በአንድ ጃንጥላ ወደ ቤት ሄድን። «ራስህን መረጥክ?» አልኩት። «ሁለት ከሆነ ያምኑሻል ብዬ ነበር» አለኝ። «እንዴት እንዳፈርኩ ሲንቄ!»

ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። የምርጫ ክልላችንም በድሮ ስሙ የለም፣ ከአጎራባቹ ጋር ቀላቅለውታል። የትምህርት ቤቱ በርም ተቀይሯል። ጃንጥላው ብቻ ጓዳ ተሰቅሎ አለ። ፈትለወርቅ ዛሬም «ባሏን በስንት ጊዜ መረጠችው» እያለች ታበሽቀኛለች። ድሮ ደሜን ታፈላው ነበር። አሁን ሁለት ቀን ከጠፋች እኔው በሯ ድረስ እሄዳለሁ፤ ስሙን የሚያነሳልኝ ሌላ ማን አለ? ትሳቅብኝ። ራስን መምረጥ ነውር ነው ሲል የኖረው ሰውዬ፣ ለእኔ ሲል በዚያ ዝናብ ተሰልፎ ራሱን መርጧል።